ከቤት መውጣት ያልቻሉ አረጋውያንን በአጥቢያ ስለ ማገልገል

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከቅጽሩ ሲወጣ በበሩ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ነዳያን ሁላችንም እናያቸዋለን፤ የቻልነውን በመዳፋቸው አኑረን እናልፋለን። ከበሩ የሌሉትን ግን አናያቸውም። ሃያና ሠላሳ ዓመት በአንድ ዓምድ ሥር ቆመው ያስቀደሱ፣ ለሰንበቴው ዳቦ የደፉ፣ ቅጽሩን በመጥረጊያ የጠረጉ እናት አንድ ቀን ጉልበታቸው ይይዛቸውና ይቀራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት «እማማ የት ሄዱ?» የሚል ሰው ይኖራል፤ በሦስተኛው ወር ግን በቦታቸው ሌላ ሰው ቆሟል። ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች የሚገኙ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የጽዋ ማኅበርተኞች እነዚህን አረጋውያን እንዴት ፈልገው ማግኘትና ለዓመታት ሳይቋረጥ ማገልገል እንደሚችሉ የሚያስረዳ ነው። የተጻፈውም እኔ ራሴ በምሳተፍበት አጥቢያ ከሠራነውና ከተሳሳትነው በመነሣት ነው።

አዲስ ማኅበር አታቋቁሙ

ብዙ ጊዜ መልካም ሐሳብ ያላቸው ወጣቶች የመጀመሪያ ሥራቸው ስም ማውጣት፣ ማኅተም ማስቀረጽና ቲሸርት ማሠራት ይሆናል። እኔ ይህን አልመክርም። አጥቢያው አስቀድሞ ያለው ሥርዓት ለዚህ አገልግሎት ይበቃል። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና በወጣው ቃለ ዓዋዲ (የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ) ሲቋቋም ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የአጥቢያቸውን ጉዳይ እንዲመክሩበት ነው፤ አልጋ ላይ የዋለ ምእመን ጉዳይ ደግሞ የአጥቢያው ጉዳይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለደብሩ አስተዳዳሪ ሐሳቡን አቅርቡ፤ ከዚያም በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ እንዲታይና በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ አድርጉ። በቃል ብቻ የተፈቀደ ነገር አስተዳዳሪው ወደ ሌላ ደብር በተዛወሩ ዕለት ይፈርሳል፤ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ግን የሚተኩት አባት ቢመጡም ይቀጥላል።

በስብሰባው ላይ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ወይም «ቤተ ክርስቲያን የራሷ ሕንፃ ሳያልቅ» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። በእኛ ዘንድ ክርክሩን ያበረደው አንድ መሪጌታ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 6 ከፍተው ማንበባቸው ነው። ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ማዕድ ችላ ተብለው በመገኘታቸው ነበር፤ ከሰባቱም አንዱ በጣናችን ላይ በዳጋ ደሴት በስሙ ገዳም የተገደመለት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ዲቁና ከተዘነጉ አሮጊቶች ማዕድ ጋር አብሮ የተወለደ ማዕርግ መሆኑን ሰው ሲያስታውስ አገልግሎቱ በልመና የሚገባ ትርፍ ሥራ ሆኖ አይታየውም።

ሥራውን የሚመራው ክፍል አምስት ሰው ቢሆን ይበቃል፦ አንድ ካህን፣ ከሰንበቴው ሁለት እናቶች፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ወጣት፣ እንዲሁም ከምእመናኑ መካከል አንድ ነርስ ወይም ጤና መኮንን። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትንና ጥበበ ጊዮንን የመሳሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ያሉባት ከተማ ስለሆነች ነጠላ ለብሶ ከኋላችሁ የሚያስቀድስ የጤና ባለሙያ የማይገኝበት አጥቢያ ጥቂት ነው። እናቶቹን ግን ለወጉ ያህል አታስገቧቸው። በሰፈሩ ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ እንደቀረ፣ የማን ምድጃ ካልጨሰ እንደሰነበተ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

የተዘነጉትን ማግኘት

በዐውደ ምሕረት ላይ «የተቸገረ ይመዝገብ» ብላችሁ ብታስነግሩ የሚመጡት መምጣት የሚችሉት ናቸው። እናንተ የምትፈልጓቸው መምጣት የማይችሉትን ነውና መንገዱ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ የሚሆን ከማንኛውም መዝገብ የበለጠ ነገር አላት፤ እርሱም የንስሐ አባት ነው። የንስሐ አባት ጸበል ሊረጭ፣ ሊጸልይና ሊመክር በየቤቱ ስለሚገባ የትኛው በር ለረጅም ጊዜ እንዳልተከፈተ ያውቃል። ካህናቱን ሰብስባችሁ እያንዳንዳቸው ከንስሐ ልጆቻቸው መካከል ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያቆሙትን እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁት ስምና አቅጣጫ ብቻ ይሁን። የቤቱን ምሥጢር፣ የጠቡን ምክንያት፣ የኑሮውን ዝርዝር ከካህኑ አትሹ፤ ካህኑም ወደ አረጋዊው ዘንድ አስቀድሞ ሄዶ «ልጆች ልልክብዎ ነው፤ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ያልተጠየቀ ሰው ቤት በምጽዋት ስም መግባት ድፍረት ነው።

ሁለተኛው መንገድ እድር ነው። የእድሩ ጸሐፊ ወርሃዊ መዋጮ መክፈል ያቆሙትን ያውቃል፤ ሰው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትቶ የእድሩን ሲከፍል የሚኖር ነውና እድሩን መክፈል ያቆመ አረጋዊ ብዙ ነገር አቁሟል ማለት ነው። ሦስተኛው መንገድ ቡና ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ቡና በሚጠራበት ሰፈር አንድ ሰው ከቡናው ሲቀር ይታወቃል። በተለይ በትልልቅ ቤቶች ጓሮ በሰርቪስ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩትን ብቸኞች ከፊት ለፊት ያለው አስፋልት አያሳያችሁም፤ ከጓሮው ጎረቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስንጀምር ያደረግነውን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው እናገራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ለፋሲካ ዱቄትና ዘይት ገዝተን በዐውደ ምሕረቱ ደረደርን፤ የተመዘገቡትንም በድምፅ ማጉያ እየጠራን ሰጠን። አንድ ዕድሜ ልካቸውን በሽመና ያደሩ አባት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጥተው ነበር። ስማቸው ሲጠራ ሕዝቡ ሁሉ ዞር አለ፤ ዱቄቱን ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን በዓለ ኀምሳ እስኪያልፍ ድረስ ለማናችንም በራቸውን አልከፈቱም። እኒያ አባት ለዚህ ሰፈር ግማሽ ሕዝብ ጋቢ የሠሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በአጥቢያችን ማንኛውም ነገር በስም ጥሪ አይሰጥም፤ ከአረጋውያን ጋር ፎቶ አይነሣም፤ ስማቸውም ሆነ ቤታቸው በስልክ አይላክም። ፎቶ ካላዩ ገንዘብ የማይሰጡ ለጋሾች ቢያጋጥሟችሁ ገንዘቡ ይቅር።

ስታገኙአቸው አንድ ደብተር ላይ መዝግቡ። የዓለም ስማቸውና የክርስትና ስማቸው ሁለቱም ይጻፍ፤ የክርስትና ስማቸው በጸሎት ለማሰብም ሆነ አንድ ቀን ለፍትሐት ያስፈልጋል። የቤቱ አቅጣጫ በሚታወቅ ምልክት ይገለጽ፤ የንስሐ አባታቸው፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ይመዝገብ። ደብተሩ በአንድ ሰው እጅ በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጥ። በመጀመሪያው ዓመት ከሰባትና ከስምንት ቤት በላይ አትቀበሉ። ሠላሳ ቤት ይዞ ሁለት ወር ሄዶ መቅረት ከመጀመሪያውም ካለመሄድ ይብሳል፤ እየጠበቁ መዋል አንድ ተጨማሪ በሽታ ነውና።

ቤታቸው ስትሄዱ

ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ ለብቻ አይኬድም። ሁለትነቱ ለአረጋዊውም ለአገልጋዩም ጥበቃ ነው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይሄዳል፤ ዕቃ ጠፋ ቢባልም ምስክር አለ። ለእናቶች ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። አገልጋዮቹም በእግር ሊደርሱ ከሚችሉበት ሰፈር ይመረጡ። በባጃጅ የሚኬድበት ቤት ባጃጅ በቆመ ቀን፣ መንገድ በተዘጋ ቀን አይደረስበትም፤ እንዲህ ያለው ቀን ደግሞ አረጋውያኑ ከምንጊዜውም ይልቅ ሰው የሚፈልጉበት ነው። በዚህ ምክንያት እኛ ከቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቆ የሚኖርን ሰው አንመድብም።

የጉብኝቱ ቀን የተቆረጠ ይሁን፤ ማክሰኞና እሑድ ከተባለ ማክሰኞና እሑድ ነው። ስትገቡ ከበር ላይ ድምፅ አሰሙ፤ ጫማችሁን አውልቁ፤ ሰላምታውን አታሳጥሩት። «እንዴት አደሩ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር» የሚለው ሰላምታ ለታማሚ ሰው ምርመራም ጭምር ነው፤ ሌሊቱን በሳል እንዳሳለፉ ወይም ሽንት እንዳስቸገራቸው የሚነግሯችሁ በዚህ መልስ ውስጥ ነው። «ምን ልርዳዎት?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ምንም አልጎደለብኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምትባሉት። ስለዚህ ዓይናችሁ ይጠይቅ፦ እንስራው ወይም ጀሪካኑ ውኃ አለው? ምድጃው ሞቋል? መድኃኒቱ ከተቆጠረው ጎድሏል?

ውኃን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ከቆየን በኋላ የተረዳነው ነገር አለ። ብዙዎቹ አረጋውያን ውኃ የማይጠጡት ስላልጠማቸው አይደለም፤ ሽንት ቤቱ ከጓሮ፣ ደረጃው የሚያዳልጥ፣ ሌሊቱ ጨለማ ስለሆነ ነው። መነሣትን ፈርተው ይጠማሉ፤ ሲጠሙ ይደክማሉ፤ ሽንታቸው ያቃጥላቸዋል፤ ጭንቅላታቸውም ይዞራል። እኛ ውኃ ጠጡ እያልን ስንመክር ወራት አለፉ፤ ችግሩን የፈታው ግን ከአልጋው አጠገብ የተቀመጠ ክዳን ያለው ፖፖና ጠዋት መጥታ የምትደፋው የጎረቤት ልጅ ነበረች።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው ካለ ትልቁ ጠላት ከመተኛት የሚመጣ ቁስል ነው። በራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ጎን መቀየር አለበት፤ ይህን እናንተ በሳምንት ሁለት ቀን መጥታችሁ ልትሠሩት ስለማትችሉ ሥራችሁ የቤተሰቡን ሰው ወይም ጎረቤቱን ማስተማር ነው። የሚታዩት ቦታዎች ተረከዝ፣ ዳሌ፣ የወገብ መጨረሻ አጥንትና የትከሻ ጀርባ ናቸው። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ መቅላቱ ብዙም ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ከአካባቢው የጠቆረ፣ በእጅ ሲነካ የሚሞቅ ወይም የጠነከረ ቦታ ፈልጉ። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኛችሁ አትሹት፤ ክብደቱን ከላዩ አንሡለት፤ ትራስ ወይም የተጣጠፈ ጋቢ ከሥሩ ሳይሆን ከጎኑ አድርጉ። የተላጠ ቁስል ካለ ደግሞ ቅቤም አረቄም ሳታደርጉበት ነርሷን ጥሩ። ገላ ሲታጠቡ ሁለት ሳፋ ለብ ያለ ውኃ አዘጋጁ፤ አንዱ ለሳሙናው አንዱ ለማለቅለቂያው ነው። የሚታጠበውን አካል ብቻ እየገለጣችሁ ሌላውን በነጠላ ሸፍኑ፤ ከፊት ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ የቆዳውን እጥፋት በደንብ አድርቁ፤ አንሶላው ሥር ላስቲክ ካለ ላስቲኩ ከቆዳ ጋር እንዳይገናኝ ተጠንቀቁ።

የጾምና የመድኃኒት ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። የደም ግፊት ያለባቸው አንዲት እማሆይ ነበሩን። በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ስንሄድ የመድኃኒቱ ፍሬ ባለፈው ሳምንት እንደቆጠርነው ነው።

«እማሆይ፣ የጠዋቱን ኪኒን አልዋጡትም እንዴ?»

«ኧረ ልጄ! ጾም አይደል? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ በአፌ ምን ይገባል?»

ነርሷ ብዙ አስረዳቻቸው፤ እማሆይ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ አልዋጡትም። በማግሥቱ የንስሐ አባታቸውን ይዘን መጣን። አባ መስቀል አሳልመው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ስለ በሽታውም ምንም ሳይናገሩ «እማሆይ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲውጡ እኔ ፈቅጃለሁ፤ ስለ ፍሬው እኔ እጠየቃለሁ፤ እርስዎ ስግደቱን ለእኛ ትተው ጸሎቱን ያብዙልን» አሏቸው። እማሆይ ብርጭቆውን ራሳቸው ጠየቁ። ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ መድኃኒት የሚወስዱትን ለዩና ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ነቢያትና ፍልሰታ ከመግባታቸው ከአንድ ሳምንት በፊት የንስሐ አባቶቻቸው እንዲጎበኟቸው አድርጉ። ሐኪምና ካህን ተነጋግረው አንድ ቃል ሲናገሩ አረጋውያኑ ከሁለት ትእዛዝ መካከል አይጨነቁም።

ማዕድና ዝክር

ለአረጋውያኑ የሚሆን ምግብ ለማግኘት ገንዘብ ከመሰብሰብ በፊት በአጥቢያው ያለውን ማዕድ ቁጠሩ። ሰንበቴው በየእሑዱ ይቀርባል፤ በአንድ አጥቢያ ያሉት የጽዋ ማኅበራት ደግሞ በወሩ ውስጥ ተበታትነው፣ በ12 የሚካኤል፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ እየተባሉ ይደገሳሉ። እኛ የማኅበራቱን ሙሴዎች (መሪዎች) ሰብስበን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅን፦ ተረኛው ማኅበርተኛ ድግሱ ከመቅረቡ አስቀድሞ የአንድ አረጋዊ ድርሻ ቆርሶ ይላክ። ሲጨርሱ የተረፈውን መላክና ሳይቀመጡ ቀድሞ መላክ በእንጀራው ላይ ልዩነት የለውም፤ በተቀባዩ ልብ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሁሉም ማኅበራት እሺ አላሉም፤ አንዳንዶቹ «የአባቶቻችን ሥርዓት አይቀየርም» ብለው ቀሩ፤ እኛም አልተከራከርናቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ራሳቸው መጥተው ቤት አስመረጡን።

ምግቡ ለጥርስ የሚመች ይሁን፦ የአጃ ሙቅ፣ ለስላሳ ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር፣ በወጥ የራሰ ፍትፍት። የዳጉሳና የማሽላ እንጀራ ለለመደው ሰው ደግ ቢሆንም ከዋለ ይደርቃልና ወጡን አብዙለት። ስኳር ሕመም ያለባቸውን ለይታችሁ ካልመዘገባችሁ ለበዓል የምትልኩት ድፎ ዳቦና ጠላ ሊጎዳቸው ይችላል።

የአብነት ተማሪዎችን ከዚህ አገልግሎት ጋር ማያያዝ በጣም ፍሬ ሰጥቶናል። በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ከመምህራቸው ጋር ተነጋግረን ንባብ የጨረሱትን ልጆች ዓይናቸው ለፈዘዘባቸው አረጋውያን መደብን፤ ልጁ በተመደበለት ቀን መጥቶ ዳዊትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያነባል፤ ከዚያ ከአረጋዊው ጋር አብሮ ይበላል። አንድ ዓይነ ስውር የሆኑ ቄስ ዘንድ የሚሄድ ልጅ አለን። የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ሲያነብ ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ልጁ ቃሉን ባጠበቀበት ወይም ባላላበት ቦታ ጣታቸው ከመቋሚያው ላይ ትነሣለች፤ ልጁም ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል። ማን ማንን እንደሚያገለግል በዚያ ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ማምጣትና የንብረት ጉዳይ

አረጋውያኑ ከምግብም ከልብስም አስበልጠው የሚናፍቁት አንድ ቀን ማስቀደስና መቁረብን ነው። ይህን ቢያንስ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አድርጉላቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ቀኑን ቁረጡ፤ ለቁርባን የሚጾመው 18 ሰዓት ለስኳር ሕመምተኛና ለደካማ ሰው ከባድ ስለሆነ እንዴት እንደሚሆን ካህኑና ሐኪሙ አስቀድመው ይነጋገሩ። ባጃጁ ከዋዜማው ይታዘዝ፤ ወንበርና ጋቢ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ከግድግዳው አጠገብ ይዘጋጅ፤ ሕዝቡ ሳይጨናነቅ ቀድመው ይግቡ። መምጣት ፈጽሞ የማይችሉትን ካህናቱ በቤታቸው በጸሎት፣ በጸበልና አስፈላጊ ሲሆን በቀንዲል (ለሕሙማን በሚጸለይበት ቅብዐት) ያገልግሏቸው።

በገንዘብ በኩል ብዙ አልጽፍም። የገባው ሁሉ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይግባ፤ በቴሌብር የሚላክ ካለ በግለሰብ ስልክ ሳይሆን በደብሩ ሒሳብ ይሁን፤ በየሦስት ወሩ ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ይነገር። አገልጋዮች ከአረጋውያን ምንም አይቀበሉ፣ አያበድሩ፣ አይበደሩ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራው ኑዛዜ ነው። ዘመድ የሌላቸው አረጋውያን ቤታቸውን ወይም ቦታቸውን ለሚጠይቃቸው ልጅ ሊያወርሱ ይፈልጋሉ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛነት አራት ምስክሮች ስለሚፈልግ «እናንተ ሁኑልኝ» ማለታቸው ያለ ነው። ይህን በፍቅር ነገር ግን በጽናት እምቢ በሉ። የአጥቢያው አገልጋይ ወራሽም ምስክርም እንዳይሆን በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ፤ ፈቃዳቸው የጸና ከሆነ ሕግ ወደሚያውቅ ሰው ምሯቸው። ሰፈሩ አንድ ጊዜ «እነዚያ ለቤቱ ነው የሚመላለሱት» ካለ የሰባቱም ቤት በር ይዘጋባችኋል።

ክረምት፣ ወባና ደሴቶቹ

በግንቦት የየቤቱን ጣራ ተመልከቱ። ሰኔ ከገባ በኋላ የሚያፈስ ቆርቆሮ መቀየር ከባድ ነው፤ ከአልጋ የማይነሣ ሰው ደግሞ ጠብታው ቢያርፍበትም ሊሸሽ አይችልም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ምስማርና ሚስማር መምቻ ይዘው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ቤት ሊያዳርሱ ይችላሉ። ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወባ በጣና ዙሪያ ይበረታል፤ በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ጉብኝት አጎበሩን በማየት ይጀመር። አልተቀደደም? አልጋውን ዙሪያውን ሸፍኖታል? ወይስ ተጣጥፎ ከራስጌ ተቀምጧል? ትኩሳት የጀመራቸው አረጋዊ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ደርሰው ደም መመርመር አለባቸው፤ «ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» የሚለውን አትቀበሉ።

ከሐይቁ ዳር ያሉ አጥቢያዎች በጀልባ ወደ ገዳማቱ ሄደው አረጋውያን መነኮሳትን መጠየቅ ይወዳሉ፤ መልካም ነው። ወደ ክብራን ገብርኤል ሴቶች ስለማይገቡ ሴቶቹ አገልጋዮች በአጠገቡ ወዳለው ወደ እንጦስ ኢየሱስ፣ ወይም ወደ ዘጌ ቢሄዱ ይችላሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ለገዳሙ አበምኔት ወይም እመምኔት አስታውቃችሁ ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። እኛ አንድ ጊዜ ሳንጠይቅ ብርድ ልብስ ይዘን ሄደን ነበር፤ የጎደላቸው ግን ሳሙና፣ የእጅ ባትሪና የዓይን መድኃኒት ነበር። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ስለሚናወጥ ጉዞው በማለዳ ይሁን።

ሲያርፉ

ይህ አገልግሎት ከሌሎች የሚለየው አብዛኛዎቹን የምታገለግሏቸውን ሰዎች የምትቀብሯቸው መሆኑ ነው። አዳዲስ አገልጋዮችን ስትመድቡ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አረጋዊው እየደከሙ ሲሄዱ የጉብኝቱን ቀን ጨምሩ፤ የንስሐ አባታቸው ደጋግመው ይምጡ፤ ዘመድ ካላቸው ደውሉ፤ ለዓመታት የተጣሉት ልጅ ቢኖርም ደውሉ። ሲያርፉ ለእድሩ ነግራችሁ የክርስትና ስማቸውን ለካህናቱ ስጡ፤ እድር የሌላቸው ከሆነ ግንዙን፣ ሳጥኑንና የመቃብሩን ቦታ ሰበካ ጉባኤው እንዲሸፍን አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን፤ በዚያ ዕለት ስለ ገንዘብ ስብሰባ መቀመጥ አያምርምና። ሁለቱ አገልጋዮች እንደ ቤተሰብ ሐዘን ይቀመጡ፤ የቤቱን ቁልፍ በቀበሌና በጎረቤት ፊት ያስረክቡ፤ የተረፈው መድኃኒት ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ለነርሷ ይመለስ። በአርባው ቀን ጸሎተ ፍትሐቱ ይደረግ። ለእነዚህ አገልጋዮች እስከዚያ ድረስ አዲስ ቤት አትስጧቸው። ከአርባው በኋላ በደብተሩ ላይ በስማቸው ፊት ያረፉበት ቀን ይጻፋል፤ ገጹ ግን አይቀደድም፤ አዲሱ ስም በሚቀጥለው ገጽ ይጀመራል።